«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ላይ ላዩን ሲታዩ ጭራሽ አይገናኙም። አንዱ ስለ ባል የጀርባ ህመም ነው፣ አንዱ ስለ እናት እንቅልፍ፣ አንዱ ስለ ልጅ ሳል፣ የመጨረሻው ደግሞ ስለ ራስ ምታት። ግን ሁሉም ጋ ያለው ታሪክ አንድ ነው፣ ሐኪም የጻፈው ፋርማሲስት ቆጥሮ የሰጠው መድኃኒት ሰው ቤት ሲገባ ሌላ ነገር፣ አንዳንዴም ሱስ፣ ሆኗል። እኔ ብዙ ዓመት ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ የቆምኩ ሰው ነኝና ነገሩ ቅርቤ ነው፣ ስለዚህ አምዱን ሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ጠያቂዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዛሬ 8 ወር የዲስክ ኦፕሬሽን ተደርጎለት ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ ታዘዘለት። መጀመሪያ በጣም ጠቅሞታል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አመስግኛለሁ። አሁን ጀርባው ደህና እንደሆነ ራሱ ይናገራል ግን መድኃኒቱን አልተወም፣ ለወር የተሰጠው በሦስት ሳምንት ያልቃል። ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል፣ ሲነቃ ይነጫነጫል። ባለፈው ጃኬቱን ላጥብ ስል ውስጥ ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለሉ አራት ባዶ ስትሪፖች አገኘሁ። ስጠይቀው «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ ደግሞ ሌባ አደረግሽኝ?» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እኔ ነኝ ተጠራጣሪ ወይስ ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተጠራጣሪ አይደለሽም። ለህመሙ ብቻ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ባዶውንም ሲጨርስ ይጥለዋል። ባዶ ስትሪፕ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ የሚያቆይ ሰው ግን ቁጥሩ እንዳይታወቅበት ፈርቷል። ያየሽው ነገር እውነት ነው።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ቶሎ «ሱሰኛ ሆነ» እንዳትዪ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰውነት መድኃኒት መልመዱና ሱስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትራማዶልን ለብዙ ሳምንት በየቀኑ የወሰደ ሰው፣ አንዲት ፍሬ ሳያዛንፍ ሐኪሙ እንዳለው የወሰደም ቢሆን፣ ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል፣ ድንገት ሲያቆም ይረበሻል። ይሄ የመድኃኒቱ ባሕሪ ነው፣ ሰውየው ምንም አላጠፋም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መለኪያ 11 ምልክቶች አሉት፣ ከነሱ ውስጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ከታዩ ችግር አለ ይባላል፣ ግን መድኃኒቱን ሐኪም እንዳዘዘው ለሚወስድ ሰው ሁለቱ አይቆጠሩም፣ እነሱም የበፊቱ ዶዝ አልሠራ ማለቱና ሲያቆሙት መረበሹ ናቸው። ወሳኞቹ ቀሪዎቹ ናቸው። ካሰበው በላይ መውሰድ፣ ልቀንስ ብሎ አለመቻል፣ ቀኑ በመድኃኒቱ ዙሪያ መዞሩ፣ በጣም ማማሩ፣ ሥራውም ቤቱም ሲበደል እያየ መቀጠል፣ እንዲህ እንዲህ ያሉት።

እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ የተማርኩት ግን ከዚህ ይቀላል። ስንት ዋጠ ከሚለው በፊት ለምን ዋጠ የሚለውን ተመልከቺ። መጀመሪያ «ጀርባዬን ሲያመኝ» ነበር። ትንሽ ቆይቶ «እንዳያመኝ» ይሆናል። ከዚያ «ዛሬ ሥራ ስለበዛብኝ»፣ «ከሰው ጋ ስለተጣላሁ»፣ «እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ» እያለ ይቀጥላል፣ በስተመጨረሻ ጀርባው ከወሬው ይወጣና መድኃኒቱ ብቻ ይቀራል። ያንቺ ባለቤት ደህና ነኝ እያለሽ መድኃኒቱን ግን ካልተወ ምክንያቱ ተቀይሯል ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ በጣም ጨዋ ሰው። የ30 ቀን መድኃኒቱን ሊሞላ መጀመሪያ በ28ኛው ቀን መጣ፣ ቀጥሎ በ24ኛው፣ ቀጥሎ በ19ኛው። ሁሌም ምክንያት አለው፣ ቦርሳዬ ጠፋ፣ ልጅ ውሃ ውስጥ ከተተብኝ፣ መንገድ ልሄድ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ቢሰማ ያሳምናል። እኔን ያነቃኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፍሬዎቹን ስቆጥር ፊቴን አያይም ነበር፣ እጄን ነበር የሚያየው፣ ከንፈሩ ከኔ ጋ ይቆጥራል። ህመሙ እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው ደግሞ ጥያቄው ትንሽ ግር ይለው ነበር፣ የረሳውን ነገር ያስታወስኩት ይመስል። እስከዛሬ የሚቆጨኝ በ24ኛው ቀን ዝም ማለቴ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እንደምታዪ ደግሞ ልንገርሽ፣ ትራማዶል ከሞርፊንና ከኮዴይን ጋ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ኦፒዮይድ የሚባሉት። እነዚህን አብዝቶ የወሰደ ሰው ንግግር መሃል አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ አፍንጫውንና ፊቱን ያካል፣ የሆድ ድርቀት አይለቀውም፣ ሰውነት ሌላውን ብዙ ነገር ሲለምድ ድርቀቱን ግን እምብዛም አይለምደውም። የዓይኑ ብሌን ድንግዝግዝ ባለ ክፍል ውስጥ እንኳን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ይቀራል፣ በትራማዶል ግን ይሄ ሁሌ ስለማይታይ ብሌኑ ደህና ነው ብለሽ አትዘናጊ። ከዚህ ይልቅ ሰው ልብ የማይለው መድኃኒቱ ሲያልቅበት ያለውን ሰዓት ነው። ያዛጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሰውነቱ ውርር ይላል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ማታ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል። «ጉንፋን ይዞኛል» ይልሻል። ጉንፋን ደግሞ አንድ ክኒን ተውጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድራሹ አይጠፋም። በወር ሁለቴ ሦስቴ የሚመጣ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል የሚጀምርና መድኃኒቱ ሲገኝ የሚጠፋ ጉንፋን ካለ እሱን ቀኑን ጻፊው፣ ለሐኪሙ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ማስረጃ እሱ ነው።

ትራማዶል ላይ አንድ ለብቻው የማስጠነቅቀው ነገር አለ፣ ዶዙ ሲበዛ አንዘፍዝፎ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊግራም እንዳያልፍ ነው የሚባለው፣ ግን ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋ ከተወሰደ ከዚያ በታችም አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሌላ ምን እንደሚወስድ እወቂ።

አሁን የምለምንሽ ነገር፣ ያገኘሽውን ሁሉ ሰብስበሽ ሽንት ቤት እንዳትደፊው። ተናደሽ ልታደርጊው ትችያለሽ፣ ይገባኛል፣ ግን ድንገት የተቋረጠበት ሰው ወይ ከሌላ ቦታ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ያመጣል ወይ ደግሞ ክፉኛ ይታመማል፣ በትራማዶል ላይ ከተለመደው መረበሽ ሌላ ከባድ ፍርሃትና መቃዠት የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ። መቀነሱ ቀስ በቀስ በሐኪም ነው የሚሆነው።

ለማውራት የምትመርጪው ሰዓት ደግሞ ወሳኝ ነው። ሲያንቀላፋ አይሆንም፣ ሲነጫነጭም አይሆንም፣ ረጋ ያለበትን ሰዓት ጠብቂ፣ ልጆች በሌሉበት። ስሙን አታውጪለት፣ ያየሽውን ብቻ ንገሪው። ለምሳሌ እየነዳ ሲያንቀላፋ አይተሽው ከሆነ፦ «ባለፈው ሳምንት ሁለቴ እየነዳህ ዓይንህ ሲከደን አየሁ፣ ፈራሁ። ጀርባህ ተመልሶ እያመመህ ከሆነ እሱን እናሳይ፣ ካልሆነም አብረን ሄደን ሐኪሙን እንጠይቀው።» የመጀመሪያው አማራጭ ለይምሰል እንዳይመስልሽ፣ ህመሙ በትክክል ሳይታከም ቀርቶ ጨምሮ የሚወስድ ሰው ከሩቅ ሲታይ ልክ ሱስ የያዘው ነው የሚመስለው፣ እሱን መለየት የሚችለው ሐኪም ነው። እሺ ካለሽ አንድ ሐኪም አንድ ፋርማሲ ይሁን፣ የሳምንቱ ብቻ እሱ ጋ ይቀመጥ፣ ቀሪውን አንቺ ያዢው። የሚነዳ ከሆነ ግን መንዳቱን ከዛሬ ጀምሮ ያቁም፣ እሱ ላይ አትደራደሪ።

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» ላለሽው፣ አባባሉ ሐኪሞችንም ራሳቸውን ያታለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት አጭር ደብዳቤ ወጣች፣ ሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ያለ ማስታገሻ ከተሰጣቸው ወደ 12 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ሱስ ተመዝግቦ የተገኘባቸው 4 ናቸው የምትል። ስለ ሆስፒታል ታካሚዎች እንጂ ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚውጥ ሰው ምንም አትልም። ግን ለዓመታት «ሱስ አያስይዝም» ለሚለው ክርክር ማስረጃ ተደርጋ ተጠቀሰች፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ማስታገሻ ገበያ ላይ ያወጣው ፐርዱ የሚባለው ኩባንያ የሱስ አደጋውን አሳንሶ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን አምኗል፣ በዚያ መሃል ስንቱ ቤት ፈረሰ። ማዘዣ መኖሩ መድኃኒቱ መቼና ለምን እንደተጀመረ ብቻ ነው የሚነግርሽ፣ ዛሬ ለምን እንደሚወሰድ አይነግርሽም።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ፣ ወደ 9 ዓመት መሆኑ ነው፣ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ትወስዳለች። አሁን መርሳት ጀምራለች፣ በ2 ወር ውስጥ ሁለቴ ወድቃለች። እርጅና ነው ብለን ነበር፣ ግን አንድ ጓደኛዬ መድኃኒቱ ይሆናል ስትለኝ ደብቄባት ነበር። በሦስተኛው ቀን እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆነች፣ ደንግጬ መለስኩላት። እናቴ እኮ ጸሎተኛ ሴት ናት፣ ሱስ የሚባል ነገር እንዴት ከእሷ ጋ ይያያዛል?

መልስ፦ መመለስሽ ትክክል ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የኦፒዮይድ መቋረጥ ሰውን አሠቃይቶ ነው በአብዛኛው የሚያልፈው፣ የዲያዜፓምና የዘመዶቹ ግን፣ አልፕራዞላም ሎራዜፓም ብሮማዜፓም ክሎናዜፓም ናቸው፣ ብዙ ዓመት የወሰደን ሰው በድንገት ሲቋረጥ አንዘፍዝፎ ሊጥልና ሊገድልም ይችላል። ዲያዜፓም ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ስለሆነ መንቀጥቀጡ በማግስቱ አይመጣም፣ ቀናት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ለዚያ ነው ሁለቱን ቀን ደህና ሆነው ሦስተኛው ላይ ያስደነገጡሽ።

ስለ ጸሎታቸው ያልሽው ሆዴን በልቶታል። እናትሽ ምንም ያጠፉት ነገር የለም እኮ። እነዚህ መድኃኒቶች በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ እንዲታዘዙ ነው የሚመከረው፣ ለቅሶ ላይ ላለች ሴት ለጥቂት ሌሊት የተሰጠ ነገር ማንም «አሁንስ?» ብሎ ሳይጠይቅ 9 ዓመት ተሞላ። ይሄ የኛም የፋርማሲስቶች ጥፋት ነው፣ ያለማንገራገር እየሞላን የሰጠነው እኛ ነን።

መርሳቱና መውደቁ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል የምልሽ በደንብ አስቤበት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጉበትም ኩላሊትም ስለሚዘገዩ የዛሬው ክኒን ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች በተቻለ መጠን አትስጡ የሚለውም ለዚህ ነው። አዛውንት ላይ አላግባብ መጠቀም ወጣት ላይ እንደሚታየው አይደለም። ጠዋት ላይ ቃል መጎተት፣ ግድግዳ እየያዙ መሄድ፣ ትናንት የተባለውን ትናንት እንዳልተባለ ማድረግ፣ ከሰው ጋ ከመጫወት አልጋ መምረጥ፣ «ወስጄ ነበር እንዴ?» ብሎ ደግሞ መውሰድ። ይሄኛው በጣም ያስፈራኛል፣ ክኒኑ የሚያስረሳ ሆኖ መውሰዳቸውንም ያስረሳቸዋል። የሳምንቱን ቀኖች የጻፍሽባቸው ሰባት ትንንሽ ዕቃዎች አዘጋጂና የየዕለቱን ብቻ አስቀምጪላቸው፣ ዛሬ ማታ መጀመር የምትችይው ይሄን ነው።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂ። መቀነሻው በጣም ዝግ ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየተነሳ፣ ለ9 ዓመት ወሳጅ ደግሞ ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ መሃል ላይ እንቅልፍ ሲያጡ ቆም ይባልና እንደገና ይቀጠላል። ሌላ ማስታገሻ፣ የሳል ሽሮፕም ቢሆን፣ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሪ። እነዚህ መድኃኒቶች ከኦፒዮይድ ጋ ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለቱም መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ትልቁን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እና ደግሞ እባክሽ ደብቀሽ አትቀንሺባቸው። ንገሪያቸው። እናቶች እኮ ከምናስበው በላይ ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ክፍል ስጠርግ ከአልጋው ሥር አምስት ባዶ የኮዴይን ሳል ሽሮፕ ብልቃጥ አገኘሁ። ሳል የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እስከ ቀትር ተኝቶ እንደ ሽማግሌ ሲያንኮራፋ ሰምቼ ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ውጤቱ ወርዷል፣ የድሮ ጓደኞቹ አይመጡም። አባቱ ቢሰማ ይገድለዋል።

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ስለ ማንኮራፋቱ ልንገርዎት፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ድሮ የማያንኮራፋ ልጅ እንደዚያ ካንኮራፋና ትንፋሹ እየተቆራረጠ እንደሚንተከተክ ውሃ ድምፅ ካሰማ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ጠርተው ነቅንቀው፣ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በጣትዎ መገጣጠሚያ በኃይል ፈትገው ይሞክሩት። ካልነቃ፣ ወይም ትንፋሹ በደቂቃ ከ10 ካነሰ፣ ወይም ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ድዱና የከንፈሩ ውስጥ አመድ ሲመስል ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ወዲያው ድንገተኛ ሕክምና ይጥሩ። ትንፋሽ ካለው በጎኑ ያስተኙት፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ። ትንፋሽ ከሌለው የሰው ሠራሽ ትንፋሽ ይስጡት፣ ካልቻሉ ስልክ ላይ ያለው ባለሙያ እየነገረዎት ይሞክሩ። ውሃ አይድፉበት፣ ለማስመለስ አይሞክሩ፣ ተኝቶ ይለፍለት ብለው ብቻውን አይተዉት። ናሎክሶን የሚባል በአፍንጫ የሚረጭ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ማርከሻ አለ፣ በ2 እና 3 ደቂቃ ትንፋሽ ይመልሳል፣ ግን ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው ስለዚህ ልጁ ቢነቃም ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም። ባሉበት የሚገኝ ከሆነ ቤትዎ ይኑር።

ሳል ሽሮፕ ነው ብሎ መናቅ ደግሞ አይገባም። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይቀየራል፣ በተፈጥሯቸው ደግሞ ይሄን በጣም አፍጥነው የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፣ ጓደኛውን ደስ ያሰኘው ልክ እሱን ሊገድለው ይችላል፣ ማን እንደዚያ እንደሆነ ደግሞ ፊት ላይ አይጻፍም።

አምስት ብልቃጥ አንድ ቀን ሞክሬው ነው የሚባል አይደለም። ውጤቱ፣ ጓደኞቹ፣ እንቅልፉ፣ ለየብቻቸው የጉርምስና ናቸው ሊባሉ ይችላሉ፣ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እንደዚያ ብለው አይለፏቸው። አብረው ይመልከቱ፦ ቤት ያሉ የሌሎች ሰዎች መድኃኒቶች ቁጥራቸው ይጎድላል? ከቤተሰቡ ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ካለ፣ ከዚያ የተረፈው ማስታገሻ የት ነው? ብዙ ልጅ የሚጀምረው ከገዛ ቤቱ መሳቢያ ነው። የተረፈውን ሰብስበው ወደ ፋርማሲ ይመልሱ፣ የሚያስፈልገውን ቆልፈው ያስቀምጡ። የተገላቢጦሽ ምልክትም አለ፣ ለጥናት ብሎ ለትኩረት ችግር የሚታዘዘውን ሪታሊን ወይም የመሳሰለውን ከጓደኛ እየተቀበለ የሚወስድ ልጅ ሌሊቱን አይተኛም፣ ምግብ ይዘጋበታል፣ ይከሳል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይወድቃል።

አባቱን በተመለከተ፣ አባቱ መስማት አለበት፣ ግን ቀድመው እርስዎ ያናግሩትና ልጁ ፊት አንድ ቃል ይዛችሁ ቅረቡ። ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ፍርድ ቤት ማቆም ልጁን ውሸት ያስተምረዋል እንጂ እውነቱን አያስወጣውም። «ሞተህ እንዳላገኝህ ፈርቻለሁ» ይበሉት፣ ስሜትዎም ይኸው ነውና። ከዚያ «ስትወስደው ምን ይቀልሃል?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ብለው ያዳምጡት። አብዛኛው ልጅ መልሱ ላይ ጭንቀት፣ ስድብ፣ ያልተነገረ ነገር ነው የሚኖረው፣ የሚታከመውም እሱ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ስለ ሌላ ሰው አይደለም የምጽፈው። 34 ዓመቴ ነው፣ ለራስ ምታት ኮዴይን ያለበት ፓራሲታሞል ጀመርኩ፣ አሁን በቀን 14 ፍሬ ደርሻለሁ። ካልወሰድኩ ራሴ ይፈነዳል። ሁለት ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው የማጽፈው፣ አንዱ ስለሌላኛው አያውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ሦስቴ ሞክሬ አልቻልኩም። ጽሑፍህን ስለማነብ ነው የጻፍኩልህ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ አንተ ዛሬ ደብዳቤህን ስትልክ መደበቁን አቁመሃል። ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ የማይቆየውን ልንገርህ። ያልካቸው ፍሬዎች አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አለ፣ በ14 ስታባዛው 7 ግራም ነው። ለአዋቂ በቀን የመጨረሻው ጣሪያ 4 ግራም ነው። ኮዴይኑን ሰውነትህ ለምዶታል፣ ፓራሲታሞሉን ግን ጉበትህ መቼም አይለምደውም፣ ጉበት ሲጎዳ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማህ ይችላል። ስለዚህ ሳምንት አትጠብቅ፣ ዛሬ ሆስፒታል ሄደህ ቁጥሩን ሳትቀንስ ተናገርና የጉበት ምርመራ አድርግ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ማርከሻ አለው።

ሁለተኛው ምናልባት ማንም ነግሮህ አያውቅም፣ ራስ ምታቱ ራሱ ከክኒኑ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው ከመድኃኒት ብዛት የሚመጣ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ክኒኑ ሲያልቅ ያማል፣ ስትወስድ ይተውሃል፣ ሲያልቅ እንደገና ያማል፣ አንተ ህመሜ ነው የባሰው ትላለህ። ክኒኑ በአግባቡ ከቆመ በኋላ ብዙ ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሦስቴ ሞክሬ አልቻልኩም ያልከው ብቻህን ስለሞከርክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣውን ላብና ቁርጠት በሕክምና ማለዘብ ይቻላል፣ ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለዚህ ሕክምና አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ተርታ አስገብቷቸዋል። አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው የሚሉህ ሰዎች ይኖራሉ፣ አትስማቸው፣ በሐኪም እጅ የሚሰጥ የተረጋጋ ዶዝ ሥራህ ላይና ቤትህ ያቆይሃል፣ ከሞትም ይጠብቅሃል። ለአንተ ያስፈልግህ እንደሆነ ሐኪሙ አይቶህ ይወስናል። አንድ ነገር ግን ያዝልኝ፣ ለጥቂት ሳምንት ካቆምክ በኋላ ብትሸነፍና ብትመለስ የድሮውን ቁጥር እንዳትወስድ፣ ሰውነትህ መልመዱን ረስቷል፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ብትወድቅም ለሐኪሙ ንገረው፣ ማገገም ውስጥ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ለሚስትህ መቼ እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ግን ከሐኪሙ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፣ መኪናውን የሚነዳልህ ሰው ያስፈልግሃልና። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ አፍህ እንዳይተሳሰርብህ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «በቀን 14 ፍሬ ኮዴይን ያለበት ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ከሁለት ሐኪም ነው የማጽፈው። ሦስቴ ለማቆም ሞክሬ አልቻልኩም። እንዲረዱኝ ነው የመጣሁት።» ከወረቀቱ ጋ ባዶ ስትሪፖቹንም ይዘህ ሂድ፣ ወረቀቱን አቀብለውና ቁጭ በል። የሚቀጥለውን እሱ ይጠይቅሃል።

ምርመራውን ካደረግክ በኋላ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።